የፎገራ ሩዝ ዋጋ አለው፤ ሜዳውስ?

ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሰኔ ሲያልቅ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ የሚተኙት ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የወረታ ከተማ ወላጅ ሂሳብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ልጆቹ ጊዜ ሲያገኙ ደጁ ጭቃ ይሆናል፤ መስኩ በአደይ ሲደምቅና መንገዱ ሲጠነክር ልጆቹ ክፍል ገብተዋል።

የክረምቱ እረፍት ከሽርሽር ይልቅ ከእርሻው ጋር ይገጥማል። በፎገራ ክረምት ማለት የሩዝ አረም ማለት ነው። ሩዝ አረም አይችልም፤ ደጋግሞ በእጅ ካልታረመ ምርቱ ይወርዳል። በዚያ ሰሞን ከብት የሚጠብቀው፣ አረም የሚነቅለው የቤቱ ልጅ ነው። ስለዚህ ገበሬው ቅዳሜን ለልጆቹ መጫወቻ ቢሰጥ ከኪሱ ሳንቲም ባያወጣም ወጪ አለበት፤ ሳይታረም የቀረው ማሳ ይከፍላል። ኢኮኖሚስቶች የተተወ ጥቅም የሚሉት ይህንን ነው።

የከተማው መምህር፣ ነጋዴ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ግን የሚከፍለው በጥሬ ገንዘብ ነው። ልጆቹን አንድ ቀን ላዝናና ያለ ወላጅ ቀድሞ የሚያስበው ባሕር ዳርን ነው፤ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ሐይቅ ዳር ይቀመጣሉ፣ ጀልባ ይሳፈራሉ፣ ጁስ ይጠጣሉ። ወጪውን የሚወስነው የልጆቹ ዕድሜ ነው። ሚኒባስ ላይ ጭን ላይ ለሚቀመጥ ሕፃን አይከፈልም፤ ወንበር መያዝ የጀመረ ልጅ ግን እንደ አዋቂ ይቆጠራል። የሁለት ዓመት ልጅ ከሰባት ዓመት ወንድሙ የረከሰ መንገደኛ ነው ማለት ነው፤ ምሳ ላይ ግን ልዩነቱ ይጠባል! በአጠቃላይ ሲታይ የወረታ ደመወዝ ባሕር ዳር ላይ ወጥቶ እዚያው ይቀራል። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ግጭት ወዲህ ደግሞ ሌላ ወጪ ተጨምሯል። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይ፣ ማታስ እንመለሳለን ወይ የሚለው ሥጋት ከታሪፉ በላይ የሚከብድበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ቅርብ ያለ መዝናኛ ዋጋው ይጨምራል።

ቅርብስ ምን አለ? ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ፣ ሩቅ ሳይኬድ፣ አውራምባ አለች። የአውራምባ ማኅበረሰብ የራሱን አኗኗር ለእንግዳ አሳይቶ ገቢ ያገኛል፤ መግቢያ ያስከፍላል፣ አስጎብኚ ይመድባል፣ የሸማ ውጤቱን ይሸጣል። ፏፏቴ ወይም ቤተ መንግሥት የለውም፤ ግን እንግዳ ሲመጣ የሚቀበለው ሰው፣ የሚያርፍበት ጥላና የሚገዛው ዕቃ አለ። የፎገራ ሜዳ የጎደለው ይኸው ነው።

ሜዳው በራሱ ሀብታም ነው። ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች የውኃ ወፎች መናኸሪያ ናቸው፤ ራሳቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ የመሰለ ላባ የያዙት ረጃጅም ወፎች እዚህ ይታያሉ፤ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ መንገደኛ ወፎችም በበጋው ወራት ያርፋሉ። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ለማየት የሚወጣ የወረታ ልጅ ግን ስንት ነው?

ሜዳው ለምን እንዲህ ተረሳ? መልሱ ያለው ሩዙ ላይ ነው። ሩዝ በ1970ዎቹ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሞከር ውኃ የሚተኛበት መሬት ለብዙ ነገር የማይፈለግ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተቋቋመው ወረታ ላይ ነው፤ ሩዙ እንጀራችን ውስጥ ገብቷል፤ የገበሬው ኑሮም ተለውጧል። ይህ መልካም ነው፤ ማንም እንዲቀር አይመኝም። ነገር ግን ሩዝ በኩንታል የሚሸጥበት ዋጋ አለው፤ ወፍ የሚያርፍበትና ልጅ የሚሮጥበት መስክ ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው ዋጋ የሌለውን እየገፋው ይሄዳል። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም ግጦሿን ያጣችው፣ የረግረጎቹም ዳርቻ እየታረሰ የጠበበው በዚሁ ሕግ ነው። እያንዳንዱ ገበሬ ለራሱ ትክክል ሠራ፤ የጋራው ግን ሳሳ።

ጤናውም ከሂሳቡ አይወጣም። መጫወቻ ያጣ ልጅ ክረምት ላይ ወንዝ ይወርዳል፣ ኩሬ ውስጥ ይንቦጫረቃል። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ወባው ይነሳል። ጎርፉም ቀልድ አያውቅም፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። በነፃ የተገኘው ጨዋታ ጤና ጣቢያ ላይ ይከፈልበታል። (በክረምቱ ለልጆች ትርፍ ያለው መውጫ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ጨፍረው ሙልሙልና ብር ይዘው ይመለሳሉ።)

በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ትልቅ መዝናኛ ተሠርቷል። እሱ የሚጠብቀው ከሩቅ መጥቶ የሚያድር እንግዳ ነው። ሁለት ሕፃናት የያዘ የወረታ ቤተሰብ የሚፈልገው የግማሽ ቀን ቦታ ነው፤ ጎርፍ የማይደርስበት ከፍታ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ሰፊ ዳስ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና ሻይ የምታፈላ አንዲት ሴት። ከዚያ ቦታ ተነስቶ በጥቅምትና በኅዳር ቅዳሜዎች ሸሸርን የሚያሳይ የሠፈሩ ወጣት ቢኖር ሜዳውም ሳይታረስ ገቢ ያስገባል፤ ረግረጉን ላለማረስም ምክንያት ይገኛል።

ባለሀብቱ ይህን ለምን አይሠራውም ቢባል፣ ጥቅሙ ተበትኖ ብዙ ቤት ይገባል እንጂ ተሰብስቦ አንድ ኪስ አይገባም። በሊዝ ጨረታ ላይም የልጆች መጫወቻ ከሆቴልና ከመጋዘን ጋር ተጫርቶ አያሸንፍም። ስለዚህ ሥራው የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ወረታ የሦስት መንገዶች መገናኛ ናት፤ ደረቅ ወደብም አላት፤ መሬቷ ከዚህ ወዲያ አይረክስም። ማዘጋጃ ቤቱ ቀጣዩን ጨረታ ከማውጣቱ በፊት አንድ ከፍ ያለ ቦታ ለልጆች በምደባ ለይቶ ያስቀምጥ።