«አይ» እና «አዎ» በአንድ አፍ

በቅርቡ በክፍል ውስጥ ስለ ዘይቤ ዓይነቶች ስናስተምር፥ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፥ «መምህር፥ ንግግሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሰው አይታመንም ብለው ነግረውናል፤ ታዲያ ባለ ቅኔዎችና የቤተ ክርስቲያን አባቶች እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ሲናገሩ ስለ ምን ይደነቃሉ?» ሲል ጠየቀን። መልሱን ለማግሥቱ ቀጠርነው። ጥያቄው ግን የተማሪ ብቻ ሳይሆን የየቤቱ ጥያቄ መሆኑን ስለ ተረዳን፥ ውድ አንባብያን፥ ከእናንተ ጋር ልንመረምረው ወደድን።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ይህ ዘይቤ «አያዎ» ይባላል፤ ስሙም «አይ» እና «አዎ» ተጋጥመው የተሠራ ነው። ግሪኮች ደግሞ «ኦክሲሞሮን» ይሉታል፤ ይኸውም «ስለታም» እና «ደነዝ» የሚሉ ሁለት ቃላት ስለ ተጣመሩበት፥ የዘይቤው ስም ራሱ የዘይቤው ምሳሌ ሆኖ ይገኛል። «የሚጮኽ ዝምታ» ወይም «ሀብታም ድኻ» ስንል ሁለቱ ቃላት ይጣላሉ፤ ነገር ግን ከጠባቸው አንድ እውነት ይወለዳል። ገንዘብ ሞልቶት ለሌላው መስጠት የማይሆንለትን ሰው ከ«ሀብታም ድኻ» በቀር ምን ብለን እንጠራዋለን?

ይህ ዘይቤ ከሰምና ወርቅ ጋር መደባለቅ የለበትም። በሰምና ወርቅ አንዱ ምሥጢር በሌላው ውስጥ ይሰወራል፤ የሚሰወረውም ሰሚው ፈልጎ እንዲያገኘውና በማግኘቱ ደስ እንዲለው ነው። በአያዎ ግን ሁለቱ ተቃራኒዎች ጎን ለጎን በግልጥ ይቆማሉ።

ቤተ ክርስቲያናችን ያለዚህ አነጋገር ታላላቅ ምሥጢሮቿን ልትገልጥ ባልቻለችም ነበር። ሙሴ ያየው ቍጥቋጦ ይነዳል፥ ነገር ግን አይቃጠልም። እመቤታችን እናትም ድንግልም ናት፤ የቅዱስ ኤፍሬም ውዳሴም ይህንኑ ያደንቃል። የማይታየው ታየ፥ የማይወሰነው ተወሰነ ብለን የምናምነው እኛ «ተዋሕዶ» የሚለውን ስም የያዝነው ሁለቱን ሳንለይና ሳንቀላቅል በአንድነት ስለምናምን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ በምዕራፍ 6 የአገልጋዮችን ኑሮ ሲገልጥ፥ ኀዘንተኞች ሲሆኑ ሁልጊዜ ደስተኞች፥ ድኾች ሲሆኑ ብዙዎችን ባለጠጎች የሚያደርጉ መሆናቸውን ይነግረናል።

ከተማችን ስሟን የምትጋራው በዓል እንኳ እንዲሁ ነው። ደብረ ታቦር ነሐሴ 13 ቀን ሲከበር ጾመ ፍልሰታ ገና አላለቀም፤ ሙልሙሉ ይጋገራል፥ ጅራፉ ይጮኻል፥ ችቦው ይበራል፥ ሥጋና ወተት ግን አይቀመስም። በጾም መካከል በዓል፥ በክረምት ጨለማ መካከል ብርሃን ነው።

የሕዝቡም ጥበብ ከዚህ አይርቅም። አበው «ዝም አይነቅዝም» አሉ፤ ደግሞም «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አሉ። ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን የሚጥል ሰው ወይ ዲዳ ወይ ለፍላፊ ይሆናል፤ ሁለቱን የያዘ ግን ጊዜን መለየት ይማራል። በፎገራ የተወለዱትን አለቃ ገብረ ሐናን ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው፤ ነገር ግን ዛሬ በደብረ ታቦር ሊቃውንት የሚዘመምበት የተክሌ አቋቋም ከእርሳቸው ተነሥቶ በልጃቸው በተክሌ የተስፋፋ ነው። አንዱ ሰው የሳቅም የማሕሌትም አባት ሆነ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ሰዎች «ጉዱ» እያሉ እንደ እብድ የሚቈጥሩት ካሣ ከሁሉ ይልቅ አስተዋይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ተቃርኖ በቃል ብቻ ሳይሆን በታሪክም እንዴት እንደሚጻፍ ለማየት፥ ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለችውን ጋፋትን መመልከት ይበቃል። በኢየሩሳሌም የነበረው የፕሮቴስታንቶች ጳጳስ ጎባት የላካቸው እንደ ዋልድማየር ያሉ የእጅ ሥራ አዋቂዎች ወደዚህ አገር የመጡት የሰላምን ወንጌል ይዘው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዟቸው፤ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖልም በጋፋት ፈሰሰ። ያገራችን ወጣቶች አዲስ ጥበብ የተማሩበት ስፍራም ያው መድፉ የተሠራበት ስፍራ ነው።

ንጉሡም የካቲት 1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ካሣ የሚለውን ስማቸውን ትተው ቴዎድሮስ ተባሉ፤ ይህም ፍትሕና ሰላም ያመጣል ተብሎ ትንቢት የተነገረለት ንጉሥ ስም ነው። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ግን መናገሻቸው የነበረችውን ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ መድፉን በሰው ጕልበት እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገድ ባልነበረበት ገደል መንገድ አስቈረጡ፤ ራሳቸውም ድንጋይ እየፈነቀሉ ከሠራተኛው ጋር ደከሙ። ስድስት ወር ያህል ከፈጀው ጉዞ በኋላ መቅደላ ቢደርሱም፥ ያ ሁሉ የተደከመበት መድፍ አላዳናቸውም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው በገዛ እጃቸው አለፈ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በዚያው አምባ ላይ ይገኛል።

ለልጆቻችን ይህን ታሪክ ስንነግር እኩሌታውን ብቻ የምንነግር ብዙዎች ነን። አንዱ አገር አንድ ለማድረግ የተነሣውን ጀግና ብቻ ይነግራል፤ ሌላው ከተማ ያቃጠለውን ጨካኝ ብቻ ይነግራል። እያንዳንዱ የሚናገረው እውነት ሲሆን፥ ሌላውን እኩሌታ ስለሚሸሽግ ልጁ የሚሰማው ሐሰት ይሆናል። ታሪኩ እውነት የሚሆነው «አዎ» እና «አይ» በአንድ አፍ ሲነገሩ ነው።

ተማሪው በጠየቀን ዕለት ማታ ግን ጥያቄው እስከ ደጃችን ተከትሎን መጣ። ገንዘብ ያበደረን ጎረቤት በሩን ሲያንኳኳ፥ የምንከፍለው ስላልነበረን ልጃችንን «አባባ የሉም በል» ብለን ላክነው። ልጁ እንደ ታዘዘው ተናግሮ ተመለሰ፤ ከገበታው ቀርቦም ሳይናገርና ቀና ብሎ ሳያየን በላ። በቀን ስለ እውነተኛ ንግግር ያስተማረ አፍ፥ በማታ ሐሰት አስተማረ። እንጀራው ከጕሮሮአችን አልወርድ አለን። በማግሥቱ ማልደን ልጁን አስከትለን ከጎረቤታችን ዘንድ ሄድን፤ ትናንት በቤት እንደ ነበርን፥ ገንዘቡም እንዳልተገኘ ልጁ እየሰማ ነገርነው። ጎረቤታችንም እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሠን።

ከዚያ በኋላ ለተማሪው መልስ ለመስጠት አልተቸገርንም። አያዎ ሁለቱንም ወገን በግልጥ ይናገራል፤ ግብዝነት ግን አንዱን ያሳያል፥ አንዱን ይደብቃል። ባለ ቅኔው ወርቁን የሚሰውረው እንዲገኝ ነው፤ ግብዝ የሚሰውረው ከቶ እንዳይገኝ ነው። ስለዚህ ተቃርኖ ሲያጋጥመን ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን አቁመን በሰው ፊት ጮኽ ብለን እንናገረው። ከደመቀ፥ እውነት ነው፤ ካሳፈረን ግን ንስሓ የሚገባበት ነው።

በዚህ ፈተና ቤታችንን እንመርምር። አባቱ በሕይወት ሳለ አንድ ጋቢ ያልገዛ ልጅ፥ ለተዝካሩ ተበድሮ በሬ ይጥላል። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም አፍ፥ በሐሜት የሰው ሥጋ ሲበላ ይውላል። በበዓል ቀን ነዳያንን የሚያበላ ሰው፥ የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ ይይዛል። እነዚህ ጮኽ ተብለው ሲነገሩ ያሳፍራሉ እንጂ አይደምቁም። መድኃኒታቸውም ጾሙን ወይም ተዝካሩን መተው ሳይሆን፥ ጋቢውን ዛሬ መግዛት፥ ደመወዙን ዛሬ መክፈል ነው።

በታቦር ተራራ ብርሃኑን የገለጠ አምላክ፥ በየቤታችን የተሸሸገውን ወደ ብርሃን የምናወጣበትን ድፍረት ይስጠን። አሜን።