ከበሮ በሞተር እጅ ያምር...

“ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር” ይላል ያገራችን ሰው። ከበሮውን የያዘው ሞተር በሆነበት ቦታም ተረቱ አልተሻረም።

በልዩ ልዩ አገሮች የኤሌክትሮኒክስ ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች በየቤታቸው ድራም የሚመታ ሮቦት ይሠራሉ። ለዚህ ያበቃቸው የዋጋ መውረድ ነው። በሬዲዮ የሚመሩ የአሻንጉሊት አውሮፕላኖችን ለማንቀሳቀስ ይውል የነበረው ትንሹ ሰርቮ ሞተር ዛሬ በጥቂት ዶላር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣሊያ፣ በኢቭሪያ ከተማ የተጀመረው አርዱዊኖ የተባለው አነስተኛ የኮምፒዩተር ሰሌዳም የተማሪን ኪስ አስቦ የተሠራ ነው። ሰሌዳው ያዛል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ከሞተሩ ጋር የታሰረው ዱላ ድራሙን ይመታል። ገበያው የሚጠይቀው ግን በዚህ ዋጋ ምን ዓይነት ድራመር እንደሚገኝ ነው።

የጉልበትና የፍጥነት ሒሳብ

በቤት ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ኤስጂ 90 የተባለው ሰርቮ 9 ግራም ብቻ ይመዝናል። በመግለጫው መሠረት በ4.8 ቮልት 60 ዲግሪ ለመዞር 0.1 ሴኮንድ ይፈጅበታል። ዱላው 30 ዲግሪ ወርዶ 30 ዲግሪ ቢመለስ በሴኮንድ ቢበዛ 10 ጊዜ ይመታል። ይህም ሞተሩ ምንም ሳይሸከም ነው። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ሙዚቃ እያንዳንዱ ምት ለአራት ሲሸነሸን በሴኮንድ 8 ምት ያስፈልጋል። ስለሆነም ለመጠባበቂያ የሚተርፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ጉልበቱም እንዲሁ ውስን ነው። ሞተሩ ከእምብርቱ በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት 1.8 ኪሎ ግራም ቢሸከም፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሚችለው 90 ግራም ብቻ ነው። የድራም መምቻ ዱላ ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 50 ግራም ያህል በመሆኑ፣ ገና ከመምታቱ በፊት ዱላውን አንስቶ መያዙ ብቻ ከግማሽ በላይ ጉልበቱን ይወስዳል። ብዙዎቹ ሠሪዎች ወደ እርሳስና ወደ ቀጭን እንጨት የሚዞሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ጉልበት የፈለገ ደግሞ የብረት ጥርስ ያለውን፣ ኤምጂ 996 አር የተባለውን ትልቁን ሰርቮ ይገዛል። ጉልበቱ የትንሹን ከ5 እጥፍ በላይ ነው። ይሁን እንጂ 60 ዲግሪ ለመዞር 0.17 ሴኮንድ ስለሚፈልግ በሴኮንድ 6 ምት እንኳን አይሞላም። በሌላ አነጋገር ገዢው ጉልበትን የሚያገኘው ፍጥነትን ከፍሎ ነው።

መፍትሔው እንደ ሰው ቀኝና ግራ እጅ ሁለት ሞተሮችን ማፈራረቅ ነው። ያኔ ወጪው ይባዛል። ሞተሮቹ በአንድነት ሲነሱ የሚስቡትን ኤሌክትሪክ ሰሌዳው ሊሰጥ ስለማይችል ለብቻቸው የኃይል ምንጭ ያሻቸዋል። ይህን ያልተረዳ ሠሪ ሮቦቱ በዘፈኑ መሐል ቀጥ ብሎ ይቀርበታል። በተጨማሪም ዱላው ቆዳው ላይ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ ትእዛዙ ከምቱ ቀድሞ መሰጠት አለበት። ይህን ማስተካከል ሌሊቶችን ይፈጃል፤ የሠሪው ድካም ቢተመን ከሞተሩ ዋጋ በብዙ ይበልጣል።

በዚህም የተነሳ ባለሙያዎች ሌላ መንገድ ይመርጣሉ። በአሜሪካ በጆርጂያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በጊል ዋይንበርግ መሪነት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የታወቀው ከበሮ መቺ ሮቦት በአንዱ ክንዱ ሶሌኖይድ፣ በሌላው በቀጥታ መስመር የሚሄድ ሞተር ነበረው።

እንጀራውን ማን ወሰደው?

ይህ ሁሉ ሲታይ በጓዳ የተሠራው ሮቦት ለድራመሩ እንጀራ የሚያሰጋ አይደለም። ስጋቱ ቀድሞ የመጣው ክንድና ዱላ ከማያስፈልገው ሳጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የሮጀር ሊን ድራም ማሽን ዋጋው ወደ 5 ሺህ ዶላር ይጠጋ ስለነበር የተሠራው 500 ያህል ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የጃፓኑ ሮላንድ ቲአር 808ን በ1,195 ዶላር አቀረበ፤ ምርቱ እስከቆመበት እስከ 1983 ድረስም 12 ሺህ ያህሉ ተሠርቷል።

ለውጡ ወደኛም ሙዚቃ ገብቷል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡትን ካሴት የቀረጹት አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ድራም ማሽኑንም ብቻቸውን ይዘው ነው። ከሙሉ ባንድ ይልቅ አንድ ሰውና አንድ ሳጥን በቂ ሆኑ።

ሞተሩ ገበያ ያገኘው በሌላ በኩል ነው። ጄሰን ባርንስ የተባለው አሜሪካዊ ድራመር እ.ኤ.አ. በ2012 በኤሌክትሪክ አደጋ የቀኝ እጁን ከክርኑ በታች አጣ። እ.ኤ.አ. በ2014 የዋይንበርግ ቡድን ሁለት ዱላ የሚይዝ ሰው ሠራሽ ክንድ ሠራለት። አንደኛው ዱላ የሚታዘዘው ከባርንስ ጡንቻ በሚመጣ ምልክት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሙዚቃውን እያዳመጠ በራሱ ይመታል። ድራም ማሽኑ ድራመሩን ከመድረክ ሲያወርድ፣ ይኸኛው ሞተር ድራመሩን ወደ መድረክ መልሷል።