ሁለት አባቶች፣ ሁለት ልጆች

ሥራ ከቤታችሁ አርቆ የሚያከርማችሁ ወላጆች ከሆናችሁ፣ ሌሊት ስልክ ሲጮህ ልብ እንዴት እንደሚደነግጥ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ የልጆቹ ነው። እስቲ ደግሞ ስልክ የሌለበትን ዘመን አስቡት። ወሬ የሚደርሰው በእግረኛና በፈረሰኛ ነው፤ አባት ለንደን ይሠራል፣ ሚስትና ልጆች 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኝ ትንሽ ከተማ ይኖራሉ። ልጁ ታመመ ቢባል አባት መቼ ይሰማል? ሰምቶስ መቼ ይደርሳል?

አባትየው ዊሊያም ሼክስፒር ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረመድኅን «ሐምሌት»ን፣ «ኦቴሎ»ንና «ማክቤዝ»ን፣ ከበደ ሚካኤል ደግሞ «ሮሜዎና ዡልየት»ን ወደ አማርኛ ስለመለሱልን ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በትምህርት ቤት ስለ እርሱም ሆነ ስለ እንግሊዝ የሕዳሴ ዘመን ሥነ ጽሑፍ ስንማር ግን ትኩረታችን ተውኔቶቹ ላይ ነው። ሰውየው የሦስት ልጆች አባት እንደነበር፣ አንዱንም በ11 ዓመቱ እንደቀበረ ብዙ አይነገረንም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሼክስፒር በ1582 ሲያገባ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ሚስቱ አን ሐተዌይ የ26 ዓመት ሴት ስትሆን፣ ሲጋቡ ነፍሰ ጡር ነበረች። በማግሥቱ ዓመት ሱዛና ተወለደች። በ1585 ደግሞ መንትዮች መጡ፤ ወንዱ ሐምኔት፣ ሴቷ ጁዲት ተባሉ። ስሞቹ ሐምኔትና ጁዲት ሳድለር ከተባሉ የስትራትፎርድ ዳቦ ጋጋሪና ባለቤቱ የተወሰዱ ናቸው። ሳድለሮቹም ቆይተው ወንድ ልጅ ሲወልዱ ዊሊያም አሉት። እንዲህ ያለው ጉርብትና ለእኛም አዲስ አይደለም።

አባት እንጀራውን የሚያገኘው ለንደን ነበር። ቆሞ ለሚያይ ሰው መግቢያው አንድ ፔኒ በሆነ ቲያትር ቤት ውስጥ ይጽፋል፣ ይተውናል። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሴቶች በሕዝብ መድረክ ላይ ስለማይወጡ የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ሼክስፒር ጁልየትን የጻፈው ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ ሰውየው ቀኑን የሚያሳልፈው ከገዛ ልጁ ብዙም ከማይበልጡ የሰው ልጆች ጋር ነበር።

ሐምኔት በነሐሴ 1596 ሞተ። የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ የተቀበረበትን ቀንና የአባቱን ስም ብቻ ይዟል፤ በምን እንደሞተ አይናገርም። ሁለት ወር ትንሽ እንዳለፈ፣ በጥቅምት፣ የሼክስፒር አባት ጆን ለረጅም ጊዜ ሲመኘው የኖረው የጨዋ ቤተሰብ የክብር ዓርማ ተፈቀደለት። ዓርማው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርድ ነው። ከጆን ወደ ዊሊያም ይወርዳል፤ ከዊሊያም በኋላ ግን የሚቀበለው አልነበረም። በ1597 ሼክስፒር በከተማው ካሉት ሁሉ በትልቅነቱ ሁለተኛ የሆነውን ቤት ገዛ። ሐምኔት አንድም ቀን አልኖረበትም።

ስለዚህ ሞት ሼክስፒር በስሙ ጠቅሶ የጻፈው አንድም ግጥም፣ አንድም ደብዳቤ ለእኛ አልደረሰም። የሥራ ባልደረባውና ተፎካካሪው ቤን ጆንሰን ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር።

ጆንሰን የግንበኛ እንጀራ ልጅ ነው። ግልፍተኛ ነበር፤ በ1598 አንድ ተዋናይ በሰይፍ ገድሎ ከስቅላት የተረፈው ማንበብ በመቻሉ ነው። በጊዜው ሕግ ላቲን አንብቦ ያሳየ ሰው እንደ ካህን ተቆጥሮ ከሞት ቅጣት ሊድን ይችል ስለነበር፣ አውራ ጣቱ ላይ በጋለ ብረት ምልክት ተደርጎበት ተለቀቀ። (ልጆቻችሁ «ማንበብ ምን ይጠቅመኛል?» ሲሉ ይህን ልትነግሯቸው ትችላላችሁ።) ሼክስፒርም በዚያው ዓመት በጆንሰን ተውኔት ውስጥ ተጫውቷል።

በ1603 ለንደን ላይ ወረርሽኝ ገባና 30 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። ጆንሰን ገጠር፣ ወዳጁ ቤት ነበር። ከዓመታት በኋላ ለአንድ ስኮትላንዳዊ ገጣሚ እንዳጫወተው፣ ለንደን የቀረው የመጀመሪያ ልጁ በሕልም ታየው። ግንባሩ ላይ በሰይፍ የተቆረጠ የሚመስል የደም መስቀል ነበረበት። ጠዋት ደንግጦ እዚያው ለነበሩት የቀድሞ መምህሩ ለዊሊያም ካምደን ነገራቸው፤ እርሳቸውም የሐሳብ ውጤት ነው፣ አትጨነቅ አሉት። ብዙም ሳይቆይ ከሚስቱ ደብዳቤ ደረሰ። ልጁ ሞቷል፤ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር።

የልጁ ስም ቢንያም ነው፤ በአባቱ ስም የተጠራ። በዕብራይስጥ የቀኝ እጅ ልጅ ማለት ነው። ጆንሰን ይህን ትርጉም ይዞ 12 መስመር ግጥም ጻፈለት። በግጥሙ የሚወቅሰው ራሱን ነው፤ በልጁ ላይ ብዙ ተስፋ በመጣሉ። ከዚህ በኋላ የሚወደውን ነገር አብዝቶ ላለመውደድ ይመኛል። ልጅ ለቀበረ ወላጅ የሚነገር ብዙ ማጽናኛ አለ፤ የጆንሰን ግጥም ግን ማጽናኛውን ይሞክረውና እንዳልበቃው አይደብቅም። አራት መቶ ዓመት አልፎትም ዛሬ የሚነበበው ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ ዝምተኛው አባት እንመለስ። ሐምኔት በሞተ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ውስጥ ሼክስፒር «ሐምሌት»ን ጻፈ። ሁለቱ ስሞች በጊዜው እንደ አንድ ይቆጠሩ ነበር፤ በሼክስፒር ኑዛዜ ላይ ያ ዳቦ ጋጋሪ ጎረቤት «ሐምሌት ሳድለር» ተብሎ ተጽፏል። በተውኔቱ የሞተ አባት መንፈስ ሆኖ መጥቶ ልጁን ያናግራል። በ1709 የደራሲውን ሕይወት የጻፈው ኒኮላስ ሮው ደግሞ ያንን መንፈስ ሆኖ የተጫወተው ሼክስፒር ራሱ እንደነበር ይነግረናል። በቅርቡ መጽሐፍ ተጽፎበት ፊልም የተሠራበትም ይኸው ታሪክ ነው።

እኔ ግን እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። የዴንማርኩ ልዑል ታሪክ ከሼክስፒር በፊት የነበረ ነው፤ ሐምኔት በሕይወት ሳለም በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ተውኔት ለንደን ውስጥ ይታወቅ ነበር። ልጁን መፈለግ ካለብን ሌሎች ሁለት ሥራዎች ውስጥ ብንፈልግ እመርጣለሁ።

አንደኛው «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ነው። ወንድና ሴት መንትዮች መርከባቸው ይሰበራል። እህት ወንድሟ ሰጥሟል ብላ እንደ እርሱ ለብሳ ትኖራለች፤ መስታወት ስታይ የምታየው እርሱን ነው። በመጨረሻ ወንድሟ በሕይወት ይመጣል። ይህ የሆነው መድረክ ላይ ነው፤ ስትራትፎርድ ውስጥ ጁዲት ለብቻዋ 16 ዓመት ሞልቷት ነበር።

ሁለተኛው በስተእርጅናው የጻፈው «የብርድ ወራት ተረት» ነው። አንድ ትንሽ ልዑል ለእናቱ በጆሮዋ ተረት መንገር ይጀምራል። ሳይጨርሰው ንጉሡ አባቱ በቅናት ታውሮ ይገባል፣ እናቱንም ያሳስራታል፤ ልጁ በሐዘን ታሞ ይሞታል። ከ16 ዓመት በኋላ የጠፋችው ሴት ልጅ ትገኛለች፤ ሞታለች የተባለችው ሚስት በሕይወት ትገለጣለች። ሁሉም ይታረቃል። ልጁ ግን አይመለስም፤ ተረቱም ሳያልቅ ይቀራል። ደራሲው ቢፈልግ ሊመልሰው ይችል ነበር፤ ከዚያ በፊት የጠፉትን ሁሉ ሲመልስ ኖሯል።

ሼክስፒር በሚያዝያ 1616 ሞተ። መንትያዋ ጁዲት ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብላ አግብታ ነበር። የዚያ ሁሉ ተውኔት ደራሲ ልጅ ብትሆንም፣ በ1611 በአንድ ውል ላይ የፈረመችው ስሟን ጽፋ ሳይሆን በምልክት ነው። በዚያው 1616 መጨረሻ ገደማ ወንድ ልጅ ወለደችና የአባቷን የቤተሰብ ስም የልጁ መጠሪያ አድርጋ «ሼክስፒር» አለችው። ሕፃኑ በስድስት ወሩ ሞተ። ሌሎቹን ሁለት ወንዶች ልጆቿንም አደጉልኝ ስትል ቀበረቻቸው። እርሷ እስከ 1662 ኖረች፤ 77 ዓመት ሞልቷት ነበር።