ኢንቬንተሪ ማለት ምን ማለት ነው?

የሰኔ ወር ሊያልቅ ሲል በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። «ኢንቬንተሪ ደርሷል» ይባላል። አለቃው ይለዋል፤ ሒሳብ ሹሙ ይለዋል፤ ተላላኪው እንኳ ሳይቀር ይለዋል። ነገር ግን «ትርጕሙ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር፥ አንዱ «ዕቃ መቍጠር ነው»፥ ሁለተኛው «የዕቃ ዝርዝር ነው»፥ ሦስተኛው ደግሞ «በግምጃ ቤት ያለው ዕቃ ራሱ ነው» ብሎ ይመልስለታል። አንባቢ ሆይ፥ ሦስቱም አልተሳሳቱም። በሥራ ላይ ቃሉ ለሦስቱም ያገለግላልና። ሆኖም ሦስቱም ከቃሉ ሥር አልደረሱም። እኔም ሥሩን ባለማወቄ አንድ ሽማግሌ ሰው ያለ በደሉ ዕዳ እንዲከፍል ላደርገው ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። «ኢንቬኒሬ» ማለት በላቲን ማግኘት ወይም ከነገሩ ላይ መድረስ ማለት ነው። ከዚህ ግሥ «ኢንቬንታሪዩም» የሚል ስም ወጣ፤ ትርጓሜውም የተገኙ ነገሮች ዝርዝር ነው። እንግሊዞች «ኢንቬንተሪ»፥ ኢጣልያኖች «ኢንቬንታሪዮ» የሚሉት ከዚሁ የወረሱትን ነው። አዲስ ነገር ፈልስፎ ማግኘትን የሚያመለክተው «ኢንቬንሽን» የሚባለውም ቃል ለዚህ ወንድሙ ነው።

እኛ ደግሞ «ቈጠራ» እንላለን። «ቈጠረ» የሚለው ግሣችን ሰፊ ነው። ተማሪ ፊደል ይቈጥራል፤ እስረኛ ቀን ይቈጥራል፤ ደግ ሰው የሙት ልጅን እንደ ልጁ ይቈጥራል፤ ጠንቋይም ኮከብ ይቈጥራል። በግእዝ «ኈለቈ» የሚለው የዚሁ አቻ ነው፤ ኦሪት ዘኍልቍ የተባለውም መጽሐፍ ስሙን ያገኘው የእስራኤል ሕዝብ በምድረ በዳ ስለ ተቈጠረበት ነው። ነገር ግን በሁለቱ ቃላት መካከል አንድ ልዩነት አለ። ኮከብ ቈጣሪ ከመደቡ ሳይነሣ ሊቈጥር ይችላል። ማግኘት ግን ከቦታው ካልሄዱና በዓይን ካላዩ በቀር አይሆንም። እንግዲህ ኢንቬንተሪ ማለት አግኝቶ መጻፍ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው የሠሩት ቈጠራ፥ ስሙ ምንም ቢሆን፥ ከኮከብ ቈጠራ አይለይም።

ብዙ ሰው መዝገብንና ኢንቬንተሪን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ዓመቱ ሲጀመር በአንድ መሥሪያ ቤት 120 ወንበሮች ነበሩ እንበል። በሞዴል 19 ገቢ የሆኑ 40፥ በሞዴል 22 ወጪ የሆኑ 25 ናቸው። 120 ሲደመር 40፥ ሲቀነስ 25፥ 135 ይሆናል። ይህ የመዝገብ ቃል ነው፤ መኖር የሚገባውን ይነግረናል። ገብተን ስንቈጥር ግን ያገኘነው 128 ቢሆን፥ ይህ የኢንቬንተሪ ቃል ነው፤ በእርግጥ ያለውን ይነግረናል። የሰባቱ ወንበር ልዩነት የሥራው ፍሬ ነው። ልዩነቱን ለማጥፋት ብሎ 135 የሚጽፍ ሰው ሥራውን አቃለለ እንጂ አልሠራም። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። እውነት ነው። ዳሩ ግን ሐሰትም በጽሑፍ ሲቀመጥ እንደዚያው ይወረሳል።

ኢንቬንተሪ ሌባን ለመያዝ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው ሰው አለ። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በጥንታዊው የሮማ ሕግ ወራሽ የሆነ ሰው ከሀብቱ ጋራ የሟቹን ዕዳ ይወርስ ነበር። ዕዳው ከሀብቱ የበለጠ እንደ ሆነ ከገዛ ራሱ ኪስ ይከፍል ነበር። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ531 ዓ.ም. አዲስ ሕግ አወጣ። ወራሹ በ30 ቀን ውስጥ የሟቹን ንብረት መዘርዘር ቢጀምር፥ በሌላ 60 ቀን ውስጥም በሕግ ጸሐፊና በምስክሮች ፊት ቢፈጽም፥ ባለ ዕዳ የሚሆነው ከዝርዝሩ ዋጋ እስኪደርስ ድረስ ብቻ እንዲሆን ፈቀደ። ይህም «የኢንቬንተሪ ጥቅም» ተባለ፤ ከሮማ ሕግ በተወለዱት በብዙ የአውሮጳ ሕጎችም ውስጥ ገባ። እንግዲህ ዝርዝሩ የተረካቢው ጋሻ ነበር ማለት ነው።

ከዚያም በፊት በመጽሐፈ ዕዝራ በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ የርክክብ ሰነድ እናገኛለን። ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ዘርፎ የወሰደውን የቤተ መቅደስ ዕቃ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ሲመልስ፥ የግምጃ ቤቱ ሹም ለይሁዳ መስፍን ቈጥሮ አስረከበው። የወርቁ፥ የብሩ፥ የቢላዋው ብዛት እያንዳንዱ ተጽፏል። የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፤ በዕብራይስጡ ቅጂ አንድ በአንድ የተዘረዘሩት ዕቃዎች ቢደመሩ 2,499 ሲሆኑ፥ ከሥር የተጻፈው ጠቅላላ ድምር 5,400 ነው። ሊቃውንት አንዳንዶቹ ትንንሹ ዕቃ በዝርዝሩ አልገባም ይላሉ፤ ሌሎቹ ገልባጭ ሲጽፍ ተሳስቷል ይላሉ። ዕቃዎቹ ዛሬ ስለሌሉ ሄዶ የሚያይ የለም። ሰነድ ብቻውን ሲቀር ጥያቄው ሳይፈታ ይኖራል።

አሁን ወደ ራሴ ታሪክ ልመለስ። ማስተማር በጀመርሁበት በመጀመሪያው ዓመት፥ በሰኔ መጨረሻ፥ እኔና ሁለት መምህራን የትምህርት ቤቱን ዕቃ እንድንቈጥር ታዘዝን። የፈተና ወረቀት ተከምሮብናል፤ ዝናቡም ጀምሯል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጡረታቸው የቀረበ ሽማግሌ ነበሩ። ቍልፋቸውን ይዘው «ልጆቼ፥ ግቡና እዩት» አሉን። እኛ ግን «ጋሼ፥ እርስዎን እናምናለን፤ የአምናውን ዝርዝር ብቻ ይስጡን» አልናቸው። ገለበጥነው፤ ፈረምን። እርሳቸውን ያከበርናቸው መስሎን ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ሽማግሌው ጡረታ ወጡ። ተተኪው ወጣት ዕቃውን አንድ በአንድ ካላየሁ አልረከብም አለ። ማይክሮስኮፕ በዝርዝሩ ላይ 8 ነው፤ በመደርደሪያው የተገኘው 6 ነው። የሁለቱን ዋጋ ካልከፈሉ የስንብት ወረቀት አይሰጥዎትም ተባሉ። የጡረታ ገንዘባቸው ስንት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፥ አምና አንተ ቈጥረህ አልነበረም? ስምንት ነበር?» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፥ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «አዎን፥ ስምንት ነበር» ብል ፊርማዬ ይድናል፤ ማይክሮስኮፖቹ ግን በዚያው በአንድ ዓመት ውስጥ በሽማግሌው እጅ ጠፉ ማለት ይሆናል። «አላየሁም» ብል ያላየሁትን አየሁ ብዬ መፈረሜን ራሴ መመስከሬ ነው። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርሁ። በማግሥቱ አለማየቴን ጽፌ ለዳይሬክተሩ ሰጠሁ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ይገባኝም ነበር።

ነገር ግን ጽሑፌ አንድ በር ከፈተ። አምና እንዳልተቈጠረ ከታወቀ፥ ፍለጋው በአንድ ዓመት ወረቀት ላይ ብቻ መወሰኑ ቀረ። ወደ ኋላ እየተሄደ የየዓመቱ ዶሴ ተመረመረ። ከሦስት ዓመት በፊት፥ ሽማግሌው ታመው በተኙበት ወር፥ ሁለቱ ማይክሮስኮፖች በሞዴል 22 ወጪ ሆነው ለሌላ ትምህርት ቤት በውሰት መሰጠታቸው ተገኘ። ሰነዱ በደብዳቤ ዶሴ ውስጥ ተቀምጦ በዕቃው ካርድ ላይ ሳይመዘገብ ቀርቶ ነበር። ከእኛም በፊት የነበሩት ቈጣሪዎች እንደ እኛው ገልብጠው ነበር። ሽማግሌው ወረቀታቸውን ተቀብለው በሰላም ወጡ። ሲሰናበቱኝ «ልጄ፥ የተማመነ ሰውም ቢሆን ይቈጥራል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳላይ ፈርሜ አላውቅም።

እንግዲህ በሚመጣው ሰኔ ለቈጠራ የምትታዘዙ ወጣት ጸሐፊዎችና መምህራን እነዚህን ጥቂት ነገሮች አስቡ። አንደኛ፥ ቈጠራው እስኪያልቅ ዕቃ አይግባ፥ አይውጣም፤ የግድ ከሆነም ለብቻው ይጻፍ። ሁለተኛ፥ የመዝገቡን ቍጥር ይዛችሁ አትግቡ፤ የሚጠበቀውን ቍጥር አስቀድሞ ያወቀ ዓይን የሚያየው ያንኑ ነውና። ሦስተኛ፥ አንዱ ይቍጠር፥ አንዱ ይጻፍ፤ ከዚያም ተለዋወጡ። አራተኛ፥ ብዛቱን ብቻ ሳይሆን ዕቃው የት እንዳለና በምን ሁኔታ እንዳለ፥ ደኅና፥ የሚጠገን ወይም የማይጠገን መሆኑን ጻፉ። አምስተኛ፥ ከመዝገቡ ጋራ የምታስተያዩት ቈጥራችሁ ከፈረማችሁ በኋላ ይሁን፤ ልዩነቱንም ትርፍ ቢሆን ጉድለት ሳትደብቁ አስፍሩ። ትርፍም እንደ ጉድለት ያልተመዘገበ ነገር መኖሩን ይናገራልና።

ዛሬ በብዙ ቦታ መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። ይህ መልካም ነው፤ ድምሩ አይሳሳትም፤ ወረቀት ፍለጋም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተሩም የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። በጨለማው መደርደሪያ ከኋላ ያለው ሣጥን ባዶ ይሁን ሙሉ ሊያውቅ አይችልም። እርሱን ለማወቅ አንድ ሰው ቍልፉን ተቀብሎ መግባት፥ ሣጥኑንም መክፈት አለበት።