ሽሪምፕን ከነበረዶው

ገበያ ላይ ቅቤ የምትገዛ እናት አይቶ የማያውቅ የለም። ቅጠሉን ገለጥ ታደርጋለች፣ በጣቷ ጫፍ ቆንጠር አድርጋ ታሸታለች፣ መዳፏ ላይ ታሸዋለች፣ ሻጯ ብትገላምጣትም ምላሷ ላይ ታሳርፈዋለች። ለጋ ይሁን በሳል፣ ሙዝ ይግባበት የአትክልት ቅባት፣ የምትለየው በዚህ ነው። ይህችው እናት አሜሪካ ያለ ልጇን ልትጠይቅ መጥታ የሱፐርማርኬት ፍሪዘር ፊት ብትቆም ግን ሙያዋ ሁሉ እጇ ላይ ይቀራል። ሽሪምፑ እንደ ጠጠር ደርቋል፤ አይሸትም፤ ቢጫኑት አይሰረጉድም። ከረጢቱ ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ ውስጥ ካለው ጋር ዝምድና የለውም።

እኔም ዋሽንግተን አካባቢ መኖር በጀመርኩ ሰሞን የመጀመሪያውን ከረጢት የገዛሁት ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነበር። መጥበሻው ግሎ ሳሳርፈው «ጭስስ» የሚል ድምፅ ጠብቄያለሁ። ምን ይጮሃል! ውኃ አቀረረ፣ ነጭ አረፋ አወጣ፣ እኔ ልጠብሰው ስል እሱ ተቀቀለ። አውራ ጣት ያክል የነበረው ወደ ትንሿ ጣት ወረደ። ስቀምሰው ሳሙና ሳሙና አለኝ፤ ሲነከስም እንደ ላስቲክ ይመልሳል። ጥፋቱን ለእሳቱ ሰጥቼ፣ በሳምንቱ እሳት ጨምሬ ያንኑ ደገምኩት። ከረጢቱን ገልብጬ ጀርባውን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ «ሽሪምፕ፣ ውኃ፣ ጨው፣ ሶዲየም ትራይፖሊፎስፌት» ይላል።

ይህ ረጅም ስም ያለው ነገር መርዝ አይደለም። ሥራው የሥጋው ፕሮቲን ውኃ እንዲይዝ ማድረግ ነው። በልኩ ሲገባ ሽሪምፑ በረዶው ሲለቀው ፈሳሹ ሁሉ ፈስሶ እንዳይደርቅ ይረዳል። ችግሩ ሽሪምፕ የሚሸጠው በክብደት መሆኑ ነው። ፎስፌት ባለበት ውኃ ውስጥ ረዘም ላለ ሰዓት የተዘፈዘፈ ሽሪምፕ ውኃውን ጠጥቶ ይወፍራል፤ ገዢው ውኃውን በሽሪምፕ ዋጋ ይገዛል። እንዲህ የተደረገበትን ጥሬውን ሲያዩት እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፣ ጣት ላይ ያንሸራትታል፤ ከበሰለ በኋላም ነጭ መሆን ሲገባው መሐሉ ብርሃን ያሳልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ የንባብ ነው። ጀርባው ላይ «ሽሪምፕ» ብቻ ወይም «ሽሪምፕ፣ ጨው» የሚለውን ፈልጉ። አለ፤ ትንሽ ይወደዳል እንጂ አለ።

ከውስጥ ከሚጠጣው ሌላ ከውጭ የሚለበስ ውኃም አለ። አንድ በአንድ የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ላዩ ላይ ስስ የበረዶ ቆዳ ይደረግለታል። ይኼኛው ያስፈልጋል፤ ፍሪዘር ደረቅ ቦታ ስለሆነ ያልተሸፈነ ሥጋ እርጥበቱ ቀስ በቀስ በንኖ ነጭ፣ ደረቅ፣ እንደ ቡሽ ያለ ይሆናል። የተጣራው ክብደት ሲጻፍ ግን ይህ በረዶ መቆጠር የለበትም። በረዶው ከመቶ 20 እጅ ሆኖ ቢቆጠር 1 ኪሎ ብለው የገዙት 800 ግራም ነው ማለት ነው። የተጠራጠረ ሰው ቤቱ ሚዛን ካለው ነገሩ ቀላል ነው። በረዶው ከላዩ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ በወንፊት አጥልሎ ይመዝነው፤ ከዚያ ከረጢቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ያስተያየው። እኔ ይህን ሳደርግ ባለቤቴ ሳቀችብኝ፤ ውጤቱን ስታይ ግን ዝም አለች።

ለብዙዎቻችን ሽሪምፕ እንግዳ መሆኑን አልረሳሁም። ኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሰው በኦሪቱ ሕግ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት አይቀምስም፤ የሐይቆቻችንን አምባዛ እንኳ ቅርፊት የለውም ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው። ቤተ እስራኤልም እንዲሁ። ሽሪምፕን ከእኛ መካከል በቅርብ የሚያውቁት ዓረብ አገር ሰው ቤት ምግብ ሲሠሩ ዓመታት ያሳለፉ እኅቶቻችን ናቸው። «ሩብያን» ይሉታል። ጭንቅላቱን ቀንጥሰው፣ ጀርባውን በቢላ ጫፍ ሰንጥቀው፣ ጥቁሩን ክር አንዴ ሲመዙት ለማየት ዓይን አይደርስም። ያ ክር አንጀቱ ነው፤ ቢበላ አይጎዳም፣ አሸዋ ከያዘ ግን ጥርስ ላይ ይንቋቋል።

የዓለም ፍሪዘር ውስጥ የሞላው ሽሪምፕ በአብዛኛው የአንድ ዘር ልጅ ነው። ቫናሜ የሚባለው ነጩ ሽሪምፕ የትውልድ አገሩ ከሜክሲኮ እስከ ፔሩ ያለው የፓስፊክ ዳርቻ ሲሆን፣ ዛሬ በኢኳዶር፣ በሕንድ፣ በቬትናምና በኢንዶኔዥያ ኩሬዎች ይረባል። አሜሪካኖች ከሚበሉት ሽሪምፕ ከመቶ 90 እጅ የማያንሰው ከውጭ የሚገባ ነው። ብላክ ታይገር የሚባለው ዝንጉርጉሩ ትልቅ ዘር ከዚህ በፊት የእስያን ኩሬዎች ይዞ ነበር፤ አሁን ቦታውን ለቫናሜ ለቋል። ከባሕር ከሚጠመዱት የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ቡኒ፣ ነጭና ሮዝ ሽሪምፖች አሉ። ከአርጀንቲና የሚመጣው ደግሞ ጥሬው ራሱ ቀይ ስለሆነ የበሰለ መስሎ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሥጋው ለስላሳ ነው፣ እሳት ላይ ቶሎ ይፈርሳል። አሜሪካ ውስጥ ከ2005 ጀምሮ ሱፐርማርኬቶች ጥሬውን ሲሸጡ ከየት አገር እንደመጣና ተጠምዶ ይሁን ረብቶ እንደሆነ መግለጽ አለባቸው። የበሰለው ወይም ዳቦ የተነሰነሰበት ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። የበሰለውን የማልገዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሌላው፣ ቤት ሲደገም መድረቁ አይቀርም።

«ጃምቦ»፣ «ላርጅ» የሚሉትን ቃላት እርሱአቸው። ሁሉም ሻጭ እንደፈቀደ ይለጥፋቸዋል። እውነተኛው መለኪያ በእዝባር የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። 16/20 ማለት አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም፣ ለመሙላት ከ16 እስከ 20 ፍሬ ይበቃል ማለት ነው። 41/50 ከሆነ ጥቃቅን ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል፣ ዋጋውም ይወጣል። ከቁጥሩ ፊት ዩ የሚል ፊደል ካለ ደግሞ «ከዚህ በታች» ማለት ነው። በቤት ምግብ 21/25ን የሚያህል የለም፤ ለመላጥ አያሰለች፣ መሐሉ ሳይበስል ላዩ አይደርቅ።

ወደ ጣዕሙ ስንመጣ ነገሩ ይጥማል። ሽሪምፕ ጣፈጥ የሚለው ስኳር ኖሮት አይደለም። በጨዋማ ባሕር ውስጥ ሲኖር ሰውነቱ ውኃ እንዳያጣ አሚኖ አሲዶችን በሥጋው ያጠራቅማል፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ግላይሲን ምላስ ላይ ጣፋጭ ነው። ስለዚህ ውኃው ጨው ሲበዛበት ሽሪምፑ ይጣፍጣል፤ ጨው በሳሳበት ኩሬ ያደገው ፈዘዝ ይላል። «ባሕር ባሕር» የሚለው ሽታ ደግሞ የሚመጣው ከሚበላው አልጌና ትል ውስጥ ካለ ብሮሞፌኖል ከሚባል ውሕድ ነው። ጥቂት ሲሆን የባሕሩን ትዝታ ይሰጣል፤ ሲበዛ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ላይ የሚቀቡትን አዮዲን ያስታውሳል። ይህን የቀመሰ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል፣ ግን አልተበላሸም፤ ከባሕር የተጠመደ መሆኑን ነው የሚናገረው። መኖ በልቶ ያደገ የኩሬ ሽሪምፕ ይህ ሽታ ብዙም የለውም። የእሱ ነውር ሌላ ነው፤ አንዳንዴ አፈር አፈር ይላል። ያንን የሚያመጣው ጂኦስሚን ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ መሬት ሲመታ የሚነሣው ያ ደስ የሚል ሽታ ራሱ ነው። ሰኔ ላይ በደጅ እንወደዋለን፣ ሳህን ላይ አንፈልገውም።

የትኛው ይሻላል ለሚለኝ መልሴ ድስቱን አይቶ ነው። ሽንኩርት ቁሌት ውስጥ በርበሬ ተነስንሶበት ለሚሠራው የኩሬው ቫናሜ ይበቃል፤ ውዱን የባሕር ሽሪምፕ በርበሬ ውስጥ መቅበር ገንዘብ መቅበር ነው። በጨውና በሎሚ ብቻ ለሚበላ ግን የባሕሩን እመርጣለሁ፣ ያውም ከነልጣጩ። ልጣጩ ከፍሪዘር ድርቀት ይጠብቀዋል፤ ተልጦም አይጣልም፣ ሲቀቀል መረቅ ይወጣዋል። ጭንቅላቱ ያልተነሣለትን የምገዛው ግን ሻጩን ሳምነው ነው። ሽሪምፑ ከሞተ በኋላ ቶሎ ካልቀዘቀዘ ጭንቅላቱ ውስጥ ካለው እጢ የሚወጡ ኢንዛይሞች ሥጋውን ይበሉታል፣ አንገቱ አካባቢ ቡኮ ይሆናል።

በረዶ ላይ ተደርድሮ «ትኩስ» የሚል ሰሌዳ የተተከለበትን እኔ አልፌው እሄዳለሁ። አብዛኛው ከዚሁ ፍሪዘር ወጥቶ በረዶው የተለቀቀ ነው፤ ስንት ቀን እንደቆየ ደግሞ አይጻፍበትም። የቀዘቀዘውን ከረጢት አንሥቼ መጀመሪያ እነቀንቀዋለሁ። ፍሬዎቹ እንደ ጠጠር ከተንሿሹ ደግ ነው፤ አንድ ጓል ሆነው ከተጣበቁ ወይም ከረጢቱ ውስጥ አመዳይ ከሞላ ግን በመንገድ ላይ አንዴ ቀልጦ ተመልሶ ቀዝቅዞ ይሆናል። ፍሬ በፍሬ ሳይሆን በአንድ ጡብ የሚቀዘቅዝም አለ፤ ያ ጓል መሆኑ አያስነውረውም። ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የራሱ ኢንዛይም ያጠቆረው እንጂ በሽታ አይደለም፤ ሆኖም ዘግይቶ መቀዝቀዙን ያሳብቃል። ይህን ለመከላከል አንዳንዶች ሰልፋይት ይጠቀማሉ። አስም ያለበት ሰው ይህን ቃል ጀርባው ላይ ይፈልገው።

ቤት ሲገባ ማታ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው፤ የቸኮለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል ያቆየው። የቅቤ ገዢዋ እናት ተራ አሁን ነው። ሳህኑን ወደ አፍንጫዋ ታቅርብ። ምንም ካልሸተተ ወይም ቀለል ያለ የባሕር ነፋስ ከመሰለ ደህና ነው። የሽንት ቤት ዓይነት አሞኒያ አፍንጫ ከነካ ሎሚም በርበሬም አያድነውም። ደህናውን በጋለ መጥበሻ ላይ ጣል አድርጋ ቅርጹን ትይ፤ እንደ ማጭድ ሲጎብጥ ታውጣው፣ ቀለበት እስኪሆን ከጠበቀች መድረቁ ነው።