ከኑድሉ በፊት ሾርባው

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መኪና ላንቴ ላይ የሚቆመው ለሙዝ ነው። ከተማ የገባ መንገደኛ ደግሞ ዓሣ ያዛል፤ ጥብሱን፣ ለብለቡን፣ ኮተሌቱን፣ ከጎኑ ዳጣውን። ሾርባ ቢመጣ እንኳ ዋናው ምግብ እስኪደርስ ማቆያ ነው እንጂ ምሳ ተብሎ አይቆጠርም። ራመን የሚባለው የጃፓን የኑድል ሾርባ ይህን ይገለብጠዋል። አዲስ አበባም ይሁን ባሕር ማዶ፣ አዲስ የተከፈተ ራመን ቤት የተጋበዘ የላንቴ ሰው አንድ ነገር ይዞ ቢሄድ ይበቃዋል፤ እዚያ ቤት ገንዘቡ የሚከፈለው ለሾርባው ነው።

ብዙዎቻችን የራመንን ዘመድ ሳናውቀው ቀምሰናል። በየሱቁ የሚሸጠውና ልጆች በፈላ ውሃ በደቂቃዎች የሚያደርሱት ኢንዶሚ፣ ስሙ የኢንዶኔዥያ ይሁን እንጂ መነሻው ጃፓን ነው። ታይዋን ተወልዶ ጃፓን የኖረው ሞሞፉኩ አንዶ እ.ኤ.አ. በ1958 የዶሮ ጣዕም ያለውን ፈጣን ራመን ለገበያ አቀረበ። ዘዴው በእንፋሎት የበሰለውን ኑድል በዘይት ጠብሶ ማድረቅ ነበር። ጥብሱ ውሃውን ሲያስወጣው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይቀራሉ፤ ኋላ የፈላ ውሃ በእነዚያ ሰርጎ ኑድሉን ያለሰልሰዋል። ብልህ ሥራ ነው። ግን አብራ የታሸገችው ቅመም ለሰዓታት የተንተከተከ የአጥንት ድስት ልትተካ አትችልም፤ ኢንዶሚን ቀምሶ ራመንን አውቃለሁ ማለትም አይቻልም።

ራመን ለጃፓን ራሷም እንግዳ ነበር። የስንዴ ኑድሉ በወደብ ከተሞች ከሰፈሩ ቻይናውያን ጋር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1910 በቶኪዮ አሳኩሳ ሰፈር የተከፈተው ራይራይከን የተባለ ምግብ ቤት ከዮኮሃማ ያመጣቸው ምግብ አብሳዮች ቻይናውያን ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሩዝ ሲያጥር የአሜሪካ ስንዴ ገባ፤ በጋሪ እየተገፋ የሚሸጠው ራመንም የሠራተኛው እራት ሆነ። ዛሬ ዋጋው በየአገሩ ቢወደድም የተነሳው ከመንገድ ዳር ነው።

ወደ ድስቱ እንመለስ። ሾርባው ከዶሮ ወይም ከአሳማ አጥንት፣ ከደረቀ ዓሣ፣ ኮምቡ ከሚባል የባሕር አረም፣ ብዙ ጊዜም ከእነዚህ ቅልቅል ይወጣል። አጥንቱ በቀስታ ከበሰለ ሾርባው ይጠራል። ለሰዓታት በኃይለኛ እሳት ከተንተከተከ ግን ቅባቱና ከአጥንቱ የሚወጣው ጄላቲን ከውሃው ጋር ተዋህደው ወተት የመሰለ ወፍራም ሾርባ ይሆናል። የደረቀው ዓሣ ካትሱኦቡሺ ይባላል፤ በጭስ ታጥኖ በጣም ስለሚጠነክር እንደ ጣውላ እየተላገ ነው የሚጨመረው። እ.ኤ.አ. በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ ኬሚስት የኮምቡ ሾርባ ለምን እንደሚጣፍጥ ሲመረምር ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር አገኘና ጣዕሙን ኡማሚ ብሎ ሰየመው። የዓሣውና የባሕር አረሙ ጣዕም ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጎላዋል። በእኛ ሐይቆች ዳር ዓሣው ሲበለት ሥጋው ወደ ሆቴል ይሄዳል፤ ጭንቅላቱና አጥንቱ ግን ብዙ ጊዜ ለአባ ኮዳ ይጣላል። የሾርባ ሰው ዓይን ካየው ያሳዝናል።

ጨው ድስቱ ውስጥ አይገባም። ታሬ የሚባል ጨዋማ ቅመም መጀመሪያ ከጎድጓዳው ሳህን ሥር ይደረግና ሾርባው ይጨመርበታል። የምግብ ዝርዝሩ ላይ ሾዩ የሚለው በአኩሪ አተር ሶስ፣ ሚሶ የሚለው ከተብላላ አኩሪ አተር በሚሠራ ሊጥ፣ ሺዮ የሚለው በጨው መቀመሙን ይነግረናል። ቶንኮትሱ ግን የአጥንቱ ዓይነት ነው፤ የአሳማ አጥንት ማለት ነው።

ኑድሉ ከፓስታ የሚለየው በካንሱይ ነው። ካንሱይ በአብዛኛው የሶዲየምና የፖታሲየም ካርቦኔት ድብልቅ ሲሆን ሊጡን ቢጫ አድርጎ ያጠነክረዋል፤ ሲነከስም መልሶ ይገፋል። ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት የኖረው ሶዳ አሽም ሶዲየም ካርቦኔት ነው። እሱ ለፋብሪካ እንጂ ለወጥ ቤት የተዘጋጀ አይደለም፤ ማንም እንዳይሞክረው።

ከማዘዝ በፊት መጠየቅ የግድ ነው። «እህቴ፣ ሾርባው ከምንድን ነው?» ማለት ነውር የለውም። ከላይ የተደረደረው ሥጋ ዶሮ ሆኖ ሾርባው የአሳማ ሊሆን ይችላል፤ አሳማ የማይበላ ክርስቲያንም ሙስሊምም ሥጋውን አይቶ ብቻ መወሰን አይበቃውም። ቅመሙ ውስጥ ሚሪን የሚባል የሩዝ መጠጥ ሊገባ ስለሚችል አልኮል የማይነካ ሰው እሱንም ይጠይቅ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ደግሞ የአትክልት ራመን መባሉ ብቻ አያዝናናው፤ ሥሩ የዓሣ ሾርባ ሊሆን ይችላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። ኮምቡና እንጉዳይ ብቻ የገቡበት ሾርባ ካለ እሱ ያስማማል፤ እንቁላሉን ማስቀረት ብቻ ነው፣ ኑድሉም ያለ እንቁላል መቦካቱን መጠየቅ።

ሳህኑ ሲቀርብ ወሬ ይቁም። ኑድሉ ትኩስ ሾርባ ውስጥ በቆየ ቁጥር ስለሚላሽቅ ጃፓኖች ቶሎ ቶሎ ነው የሚበሉት፤ ብዙ ራመን ቤቶች ሰው በልቶ የሚነሳባቸው ጠባብ ቤቶች ናቸው። እየተሳበ ድምፅ ቢያሰማም እዚያ አያሳፍርም፤ አየር አብሮ ሲገባ ትኩሱን ያበርዳል፣ ሽታውንም ያወጣል። እኛ ልጆቻችንን የምንቆጣበት ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ሁለቱን ቀጭን እንጨቶች መያዝ ያቃተው ሹካ ይጠይቅ። መጉረስና ማጉረስ ግን እዚህ አይመችም፣ ሳህኑ የየግል ነው።

መጀመሪያ ሾርባው ብቻ በማንኪያ ይቀመስ፤ ሚጥሚጣ የሚፈልግ ከዚያ በኋላ ይጠይቅ። ቃሪያ ቀድሞ የበዛበት ሾርባ አጥንቱ በቅጡ መብሰሉን አያሳይም፤ አዲስ በተከፈተ ቤት ይህን ነው የምጠረጥረው። ከኑድሉ በኋላ የተረፈውን ጠጥቶ መጨረስ ግዴታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ ሳህን ራመን እስከ ሾርባው ከተጨረሰ ብቻውን ይህን ሊያልፍ ይችላል። ደም ግፊት ያለበት ኑድሉን በልቶ ሾርባውን ይተወው።