ነጭ መስመር በቀይ አፈር ላይ፦ የሴራሚክ መጋጠሚያን ቀለም በቤት ውስጥ ስለ መለወጥ

በያዮና በመቱ አካባቢ ሴራሚክ በተነጠፈባቸው ቤቶች በንጣፎቹ መካከል ያለው ክፍተት በነጭ ሲሚንቶ ወይም በነጭ ግራውት ከተሞላ፣ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ነጩ መስመር ነጭ ሆኖ አይገኝም። ነጭነቱን ለመመለስ በረኪና፣ ሎሚ፣ አልፎ አልፎም የመጸዳጃ ቤት አሲድ ይሞከራል። ሙከራው በአብዛኛው የሚከሽፈው ጥረት ስላነሰው ሳይሆን ቀለሙን የለወጠው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ ስላልተለየ ነው።

የሴራሚኩ ገጽ በእሳት በተተኮሰ መስታወት መሰል ልባስ የተሸፈነ በመሆኑ ውኃ አያስገባም። ግራውቱ ግን የሲሚንቶ ውጤት ነው፤ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ውኃውን ውኃው ከተሸከመው ሁሉ ጋር ይመጥጣል። በያዮ ደግሞ ውኃው የሚሸከመው ብዙ ነው። የቡና ደኑ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ የተመዘገበው ይህ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ ሲሆን፣ በስፋት የሚታየው አፈሩም ኒቲሶል የተሰኘው ጥልቅ ቀይ ሸክላማ አፈር ነው። የአፈሩ ቅላት የሚመነጨው ከብረት ኦክሳይዶች፣ በተለይም ከሄማታይት ነው። የሸክላው ቅንጣቶች ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያነሱ በመሆናቸው በጫማ ተሸክመው ከገቡ በኋላ በመወልወያው ውኃ ተበጥብጠው ወደ መጋጠሚያው ይሰርጋሉ። በዚህ ረገድ ወለሉን ደጋግሞ በቆሸሸ ውኃ መወልወል ቀለም ከመቀባት ብዙም አይለይም።

ነጭ ሲሚንቶ ነጭ የሚሆነው የብረት ይዘታቸው እጅግ አነስተኛ ከሆነ ጥሬ ዕቃዎች ስለሚመረት ነው፤ ለተራው ሲሚንቶ ግራጫነት ዋነኛው ምክንያት ብረት ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ተጠንቅቆ ያስቀረውን ብረት የያዮ አፈር መልሶ ይሰጠዋል ማለት ይቻላል።

በረኪና ሻጋታን ይገድላል፤ የቡናንና ለጉዝጓዝ የተነሰነሰ ሣር የሚተወውን ነጠብጣብም ያደበዝዛል። የሚሠራው በኦክሳይድ አድራጊነቱ ስለሆነ ግን አስቀድሞ ኦክሳይድ በሆነው የአፈር ብረት ላይ ፋይዳ የለውም። ሎሚና አሲድ በአንጻሩ ቅላቱን በመጠኑ ያነሳሉ፤ ሆኖም ሲሚንቶውንም አብረው ያሟሟሉ። መስመሩ ለጊዜው የነጣ ቢመስልም ቀዳዳዎቹ ስለሚሰፉ የሚቀጥለው ክረምት አፈር ይበልጥ ጠልቆ ይገባል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ሁለቱን መቀላቀል ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ክሎሪን ጋዝ ይለቀቃል፤ መስኮት በሌለው ጠባብ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ይህ ለሕይወት አስጊ ነው። አንዱ አልሠራ ብሎ ሌላው ወዲያውኑ ሲፈስበትም አደጋው ያው ነው።

ጥቁር ነጠብጣብ ብዙውን ጊዜ ሻጋታ ነው፤ ጨው የሚመስል ነጭ ብናኝ ደግሞ ከሲሚንቶው ውስጥ በእርጥበት ተገፍቶ የወጣ ኖራ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ነው። የኋለኛው ከታየ ችግሩ ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። ይህን ለማረጋገጥ ቁራሽ ፕላስቲክ በወለሉ ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ማሳደር ይበቃል፤ በማግስቱ በሥሩ ጠል ከታየ የሚቀባው ማንኛውም ቀለም መላላጡ አይቀርም።

ወለሉ ደረቅ ከሆነ በሳሙናና በብሩሽ ታሽቶ፣ ቆሻሻው ውኃ ሳይደርቅ በጨርቅ ተጠርጎ፣ ለጥቂት ቀናት እንዲደርቅ ይተዋል። ከዚያም በመስመሩ ላይ ጠብታ ውኃ ይደረጋል። ጠብታው ከሰረገ የግራውት ቀለም ይይዛል፤ ተንከባልሎ ከቀረ ግን ሰም ወይም ቅባት ስላለበት እንደገና መታጠብ አለበት። ቀለሙ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል፤ በሴራሚኩ ላይ የፈሰሰው ሳይደርቅ ይጠረጋል።

ግራውቱ ራሱ ከተፈረፈረ መቀባቱ ከንቱ ድካም ነው። አሮጌው ቢያንስ እስከ ግማሽ ጥልቀቱ ተፍቆ በአዲስ ይተካል። ወደ አዲሱ የሚገባው የቀለም ዱቄት የሲሚንቶን አልካላይነት የሚቋቋም መሆን አለበት፤ ከብረት ኦክሳይድ የተሠሩት ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ዱቄቶች ይቋቋማሉ፣ ፕሩሺያን ሰማያዊ ግን ይጠፋል። መጠኑ ከሲሚንቶው ክብደት ከ10 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ሲበዛ ጥንካሬውን ይቀንሳል። በየቡኩቱ የሚጨመረው ውኃ እኩል ካልሆነ መስመሩ ዥንጉርጉር ይሆናል፤ ሲደርቅም ቀለሙ ስለሚፈዝ አስቀድሞ በትንሹ ለክቶ፣ አድርቆ ማየት ይበጃል።

አፈሩን የሚያቀላው ብረት ኦክሳይድና ከገበያ የሚገዛው ቀይ ዱቄት በኬሚካዊ ባሕርያቸው አንድ ናቸው። ለበረንዳና ለመግቢያ ቡናማ ቀይ መስመር የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ በየክረምቱ የሚመጣው አፈር ከመስመሩ ጋር ይመሳሰላል። ኖራ በሚያወጣ እርጥብ ወለል ላይ ግን ጥቁር መስመር ከነጩ የባሰ ይታያል፤ እዚያ ግራጫ ይሻላል። አፈር የማይደርስበት የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ በነጭነቱ ሊቆይ ይችላል።